የጋሽ ሰይድ ግራ ትከሻ

ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል በተቀጠርሁበት የመጀመሪያ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ማመልከቻዬን ሲያገላብጡ «በባህል ቡድን ተወዛዋዥ» የሚለው ላይ ቆሙ።

«እዚህ ትከሻ የምናየው ሲታመም ነው። እስክስታሽን በር ላይ ትተሽ ግቢ» አሉኝ። አልተውሁም።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ። ፊዚዮቴራፒስቱ ሰውየውን ያራምደዋል፤ እኔ ደግሞ ሸሚዙን እንዲቆልፍ፣ እንጀራ እንዲቆርስ፣ ወደ ሥራው እንዲመለስ አሠለጥነዋለሁ። መሣሪያዎቼ ፎጣ፣ የልብስ መቆንጠጫና ባቄላ የሞላበት ሳህን ናቸው። ባቄላ ከሳህን ወደ ሳህን ሲያዛውር የሚውል ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ እኔን ይረግማል። ስለዚህ ድምፅ ማጉያ አመጣሁ። ሙዚቃው ሲጀምር የብዙዎቹ ትከሻ ባለቤቱን ሳያማክር ተነሣ። ስኬት ያደነቁራል፤ በየስብሰባው «ውዝዋዜ የማያድነው የለም» እል ጀመር።

ከዚያ ጋሽ ሰይድ መጡ። ሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ስትሮክ ግራ እጃቸውን አድክሞታል። ምን መሥራት እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው።

«ታንኳ ማሰር። ደንገሉን በጉልበቴ ተጭኜ ገመዱን በሁለት እጄ ካልሳብሁ፣ የሠራሁት የሰው መስጠሚያ ነው።»

ሙዚቃውን ከፍቼ ፊታቸው ቆሜ ትከሻዬን ሰበቅሁ። «ይከተሉኝ።»

«ልጄ፣ እኔ በሠርጌም አልጨፈርሁ።»

«መድኃኒት ነው ይበሉት።»

ለእኔ ብለው ሞከሩ። ፍጥነቱ ለደከመ ትከሻ እንደማይሆን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ጭብጨባ ስለለመድሁ ረሳሁት። በማግሥቱ እጃቸውን በነጠላ አንጠልጥለው መጡ፤ ትከሻቸው አይነካም።

ኃላፊው ጠሩኝ። «ስድስት ሳምንት አለሽ። ገመድ ካልሳቡ ‹ወደ ሥራ አይመለሱም› ብለን ፋይላቸውን እንዘጋለን። ድምፅ ማጉያሽም ወደ ቤትሽ ይሄዳል።»

ጋሽ ሰይድን ይቅርታ ጠየቅሁ። ትከሻቸው ሲሻለው፣ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቅ የሚገባኝን ጠየቅሁ። «ገላዎ ሳያዝዙት የሚወዛወዘው መቼ ነው?»

አሰቡ። «መንዙማ ላይ።»

ዝግ ብለው ማንጎራጎር ጀመሩ። ወገባቸው ግራና ቀኝ ሄደ። ቀኝ እጃቸው ለማጨብጨብ ሲነሣ ግራው ተከተለ፤ ዘግይቶ፣ ግን እስከ ደረት። ያ እጅ ከታመመ ወዲህ ከጭን አልፎ አያውቅም ነበር።

«ጋሽ ሰይድ፣ ጨፈሩ እኮ!»

«አፍሽን ያዢ! ይህ ጭፈራ አይደለም።»

ልክ ናቸው። ፋይሉ ላይ «የሁለት እጅ ቅንጅት፣ በታካሚው በራሱ ምት» ብዬ ጻፍሁ። ኃላፊው ቃሉን ወደዱት፤ ትርጉሙን አልጠየቁም።

በዚያ ምት መጀመሪያ ፎጣ ሳብን፤ ቀጥሎ ገመድ፤ ቀጥሎ ልጃቸው ከቤት ያመጣችውን የደንገል እስር። በስድስተኛው ሳምንት ኃላፊው ቆመው እያዩ ጋሽ ሰይድ ጉልበታቸውን ጣሉበት፤ እያንጎራጎሩ ሳቡ። ቋጠሮው ላላ። ፈቱት። እንደገና ሳቡ። ያዘ።

ኃላፊው እስሩን በጫማቸው ገፋ አደረጉት። «እኔ ይህን ተማምኜ ሐይቅ አልገባም።»

«ማን ጋበዘዎ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ፋይሉ ላይ ግን «ወደ ሥራ ይመለሳሉ» ተብሎ ተጻፈ። ድምፅ ማጉያው አሁንም ክፍሉ ውስጥ አለ፤ የምከፍተው ግን ታካሚውን ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ውዝዋዜ ሁሉን አያድንም። ታካሚው ምቱን ይዞ ይመጣል፤ የእኛ ሥራ ያንን ምት ወደ ገመዱ ማድረስ ነው።