ጭራ ቆራጣዋ ስንት ደረሰች?

ባለፈው ዓመት ጎንደር ውስጥ መንገድ ዳር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ አንዲት ትንሽ መኪና በፊቴ አልፋ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ፣ ከሞተሯ «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ የተጠማ ሰው አንድ ጣሳ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ ሲተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ያን ድምፅ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ስለነበር ታክሲው መጥቶ፣ ሰው ሞልቶ፣ እኔን ትቶኝ ሲሄድ እንኳ ልብ አላልኩም። ወዲያው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ገንዳ ውሃ ያለው ግቢያችን ውስጥ፣ ቀይ መኪና አጠገብ፣ አንገቴን በመስኮቷ አስግጌ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

አባቴ ከጎጃም ደጋ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነበር። እናቴ ትርንጎ ግን የዚያው የቆላው ልጅ ናት፤ ገለጉ አካባቢ ተወልዳ፣ በትራክተር ነጂ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ መሪ እየያዘች አድጋ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ማሽላ የሚዘራበትን መሬት ብቻዋን ታርስ የነበረች ሴት ነበረች። አባቴ ከማስተማሩ ጎን ከአጎቴ ጋር ሰሊጥ ያሳርስ ነበርና፣ የአስፋልቱ ሥራ ባለቀበት ዓመት፣ ሰሊጡ ተሸጦ ታኅሣሥ ሲገባ፣ መንገዱን ሲሠራ የቆየ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ፣ የድንበሩ ሰው ኸዋጃ የሚለው፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊመለስ መሆኑንና መኪናውን እንደሚሸጥ ሰማ። እኛ ሁላችን የጠበቅነው ለእርሻ የሚሆን፣ ጆንያ የሚጫንበት ፒክአፕ ነበር። አባቴ ግን ማለዳ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀራት፣ ጎማዎቿ ሰፋፊ፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ ቀይ መኪና ይዞ መጣ።

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ከበባት። ጎረቤታችን ጋሽ ታረቀኝ በዱላቸው ተደግፈው አንድ ጊዜ ዞሯትና፣ «መምህር፣ ኋላዋን ምን በላብዎ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ የኋላውን በር ወደ ላይ ከፍቶ፣ ጉድለት ሳይሆን አሠራሯ እንደሆነ፣ አየር እንዴት እንደሚያልፍባትና ክብደቷ የት ላይ እንደሚያርፍ በትዕግሥት ቢያስረዳም፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ጭራ ቆራጣ ሆኖ ቀረ። እናቴ ግን ኮፈኑን አስከፍታ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አየችና እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ቤት ገባች።

ከመሪው ጎን አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተለጥፋ ነበር፤ በላይዋም ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸዋል። መኪናዋ አምስት መቶ ብቻ ከተሠሩት ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ መሆኗን የሚገልጽ ነው ብሎ አባቴ ነገረኝ። እኔ ግን ከሰሌዳዋ ይልቅ ልቤን የወሰደው የፍጥነት መለኪያው ነበር። ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ ሁለት መቶ ስልሳ ይደርሳል፤ አባቴ ሲነዳ ግን መርፌው ስልሳ ላይ ደርሶ ይቆማል። የቀረው ቁጥር ሁሉ ለምን ተጻፈ? ጧት ማታ ይህን ስጠይቀው አባቴ አልተቆጣኝም፤ እሱም ከኔ ባልተናነሰ ማወቅ ይፈልግ ነበር። «አንድ ቀን እናየዋለን» ይለኝ ነበር፤ ሰሊጡ ይታጨድ፣ ፈተናው ይታረም፣ መንገዱ ጭር ይበል፣ አንድ ቀን ግን እናየዋለን።

ያን በጋ ሙቀቱ ገና በጧት ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው፣ እሑድ እሑድ ተነሥተን በአዲሱ አስፋልት ወደ መተማ እንሄድ ነበር። አባቴ ስለ መኪና የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ችግሩ መንዳት ላይ ነው። ቱርቦ ማለት ምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ ማርሽ መቀየሩን ይረሳና ሞተሩ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ እናቴ ከጎኑ ሆና፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «አሁን ሦስተኛ» ትለዋለች። በጆሮዋ ብቻ ነበር የምታውቀው። እግሯም ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ ሰው ወለሉን ጫን ሲያደርግ ከኋላ ሆኜ አያት ነበር። አባቴ ግን አንድም ቀን «እስቲ ያዢው» ብሎ መሪውን አልሰጣትም፤ መንጃ ፈቃድ የላትም፣ የመምህር ሚስት በከተማው መሀል መኪና ስትነዳ ደግሞ ሰው ምን ይላል። እሷም አልጠየቀችም።

ለመሮጥ ብንሞክርም አልሆነልንም። በቆላው አገር ባዶ ወንበር ይዞ በሰው አጠገብ ማለፍ ነውር ነው፤ ቦታ ባይኖር እንኳ ቆሞ «ሞልቷል፣ ይቅርታ» ማለት ልማድ ነው። ስለዚህ አባቴ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ደርሶ፣ ትከሻውን አሰናድቶ፣ መርፌው ስልሳን ሊያልፍ ሲል፣ ወይ አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ እጇን ታነሣለች፣ ወይ የግመል መንጋ አስፋልቱን ሞልቶ ይሻገራል። አንድ የሚያዝያ እሑድ ሰው ሳይነሣ እንቀድማለን ብለን ጎሕ ሲቀድ ወጥተን፣ አራት ሰው፣ አንድ ፍየልና ግማሽ ጆንያ ማሽላ ጭነን ተመለስን። እናቴ እስኪያማት ስቃ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችው። አባቴም ሳቀ፤ ማታ ግን ራቱን ሳይጨርስ ከገበታው ተነሣ።

ክረምት ሲገባ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ዋልካ ነውና ጭራ ቆራጣ ከግቢ መውጣት አቆመች። አባቴ የቆርቆሮ መጠለያ ሠርቶ በሸራ ሸፈናት። ባትሪው እንዳይሞት በየቅዳሜው ሞተሯን ማስነሣት የእናቴ ሥራ ሆነ፤ ቁልፉም ለዚያ ያህል ብቻ ይሰጣት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እናቴ ሹፌር ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነዳጁን ቀስ እያለች ትሰጥና ትለቃለች፤ «ፍሽሽ» ይላል፤ ደግማ ትሰጣለች። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ መርፌውን አያለሁ፤ መርፌው ግን ከዜሮ አይነቃነቅም፤ ምክንያቱም መኪናዋ ቆማለች። አንድ ቅዳሜ አባባ ለምን በፍጥነት እንደማይነዳ ስጠይቃት፣ አባትሽ ሲነዳ ያስባል፣ መኪና ደግሞ የሚያስብላትን ሳይሆን የሚሰማትን ነው የምትወደው አለችኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ሰሊጡ ቢጫ ሆኖ መድረስ፣ በገበሬው አነጋገር መቁሰል፣ ጀምሮ፣ ለአጨዳ ከደጋ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች፣ በኛ አገር አጠራር ሳሉጎች፣ ከተማውን በሞሉበት ሰሞን፣ አባቴን ወባ ጣለችው። ወባ ለኛ እንግዳ አልነበረችም፤ ሁላችንም ታመን ድነናል። የዚያን ጊዜዋ ግን የተለየች ነበረች። በሦስተኛው ቀን ጧት ሰው መለየት አቃተው፤ እናቴን ተማሪ መስላው «ቀመሩን ጻፊ» ይላት ጀመር። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ጎረቤታችን ሲስተር ጥሩዬ መጥታ አየችውና፣ ዛሬውኑ ጎንደር ደርሶ ደም ካላገኘ እንደማይተርፍ ለእናቴ ቁርጡን ነገረቻት። አንቡላንሱ በገለጉ መንገድ ሄዶ ጭቃ ይዞት ነበር። አውቶቡሱ ደግሞ ማልዶ ወጥቷል።

እናቴ ቁልፉን ከተሰቀለበት ሚስማር አነሣች። አጎቴ ከየመንገዱ ሳሉጎች ጠርቶ፣ ስምንት ወይ ዘጠኝ ሆነው፣ ጭራ ቆራጣን እንደ ቃሬዛ ከነሰዉ ግማሽ በመግፋት ግማሽ በማንሣት ዋልካውን አሻግረው አስፋልቱ ላይ አስቀመጧት። አባቴ ከኋላ ራሱን ሲስተር ጥሩዬ ጭን ላይ አድርጎ ተኝቷል፤ እሷ የግሉኮሱን ጠርሙስ ከፍ አድርጋ ይዛለች። እኔ ከፊት ገብቼ ተቀምጬ ነበርና ውረጂ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

እናቴ እንዴት እንደነዳች ለመናገር ይቸግረኛል። ማርሹ ሲቀየር አይሰማም ነበር። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ስልሳ አለፈ። እኔ ያን መርፌ ከታኅሣሥ ጀምሮ ጠብቄዋለሁና ዓይኔን ከሱ ላይ ማንሣት አልቻልኩም። ሰማንያ፣ መቶ፣ መቶ ሃያ። ሰዎች ከመንገዱ ዳር እጃቸውን ሲያነሡ በመስኮቱ ጥላቸው ብቻ ያልፍ ነበር፤ ባለፈቻቸው ቁጥር እናቴ በቀስታ፣ ለራሷ፣ «ይቅር በሉኝ» ስትል እሰማታለሁ። ኬላው ላይ ደርሳ ስትቆም ፖሊሱ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ ጎንበስ አለና፣ ከኋላ አባቴን አይቶ፣ ሮጦ ገመዱን አወረደ። ከኬላው በኋላ መንገዱ ቀጥ አለ። መርፌው መቶ ሰባ አምስት ላይ ደርሶ፣ ጥቂት ተንቀጥቅጦ፣ ዳገቱና ጠመዝማዛው ሲጀምር ተመለሰ። አባቴ ከኋላዬ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ለብዙ ዓመታት ያሳፈረኝ እሱ ነው።

አባቴ ተረፈ። ሐኪሙ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ አለ፤ የቀረውን አልጨረሰውም። በአራተኛው ቀን አእምሮው ተመልሶ፣ ማን አምጥቶት እንደመጣ ሲስተር ጥሩዬ ከነገረችው በኋላ፣ እናቴን አያትና በዚያች በደከመች ድምፁ፣ «ስንት ደረሰች?» አላት።

«አላየሁም» አለችው እናቴ። «መንገዱን ነበር የማየው።»

ዓይኑን ወደኔ አዞረ። ከመናገሬ በፊት እናቴ እጄን ይዛ፣ ውኃ እናምጣ ብላ፣ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ። ማየቴን ጠየቀችኝ፤ አይቻለሁ አልኳት። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ ካወቀ ሊያልፈው ይሞክራል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ለኔም አትንገሪኝ። ካወቅሁ እደግመዋለሁ» አለች።

አልነገርኩም። እናቴ ከጎንደር በተመለስን በሳምንቱ፣ ያለፈቻቸውን ሰዎች እያፈላለገች ከመንገድ ዳር መንደሮች ይቅርታ ስትጠይቅ ሰነበተች፤ ጋሽ ታረቀኝ ግን ከነሱ አንዱ ሳይሆኑም ይቅር ብዬሻለሁ አሏት። አባቴ ደግሞ የተነሣንበትንና የደረስንበትን ሰዓት ከሲስተር ጥሩዬ ጠይቆ፣ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ አካፍሎ አማካይ ፍጥነቱን አወጣ። ከፍተኛውን ግን ማውጣት አይቻልም፤ ፊዚክስ እንኳ አያወጣውም አለኝ። በየዓመቱ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ እዋሸዋለሁ። እሱ ሲነዳ መርፌው እንደ ወትሮው ስልሳ ላይ ይቆማል፤ እናቴም ከዚያ በኋላ ያን መሪ አልያዘችም፤ አልተሰጣትም፣ አልጠየቀችምም። በመጨረሻ አንድ ሰው ስለ መኪናዋ ሰምቶ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣና ሰሌዳዋን በመሀረቡ ጠርጎ ካነበበ በኋላ፣ አባቴን በስንት እንደነዳት ጠየቀው። አባቴ «በስልሳ» ሲለው ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ገዝቷት፣ ጭቃ እንዳይነካት ብሎ በጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ወሰዳት።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ፋሲካ አባቴን ልጠይቅ ገንዳ ውሃ ወርጄ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው ስር ተቀምጠን ሳለ፣ አሁን መኪናም የለው፣ በምን ሊያልፈው ይችላል ብዬ ነገርኩት። መቶ ሰባ አምስት፣ ከኬላው ወዲያ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት። ይደሰታል፣ ወይ ደበቅሽኝ ብሎ ይቀየመኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቁጥሩን በከንፈሩ ደገመውና፣ «ትርንጎ ፈርታ ነበር?» አለኝ።

የማርሹን ዘንግ የያዘውን እጇን አስታውሳለሁ። ድምፅዋን አስታውሳለሁ። ፊቷን ግን አላውቀውም፤ ያን ሁሉ መንገድ ከጎኗ ተቀምጬ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አላየኋትም። ለአባቴም እንዲሁ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረ።

ዛሬ እንደ ጭራ ቆራጣ ያሉ መኪናዎች በስንት እንደሚሮጡ ለማወቅ የፈለገ ልጅ ስልክ ከፍቶ በአንድ አፍታ ያገኘዋል። ገንዳ ውሃም ተዘጋጅተው የሚጠብቁ አንቡላንሶች አሏት፤ በአስፋልቱ ላይ መሪ የያዘች ሴት ማየትም እንደ ያኔው ሰውን አያስቆምም። እኔ በዚያ መንገድ ስሄድ ከሹፌሩ ጎን መቀመጥ እመርጣለሁ፤ መለኪያውን ግን አላየውም። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስንደርስና ሹፌሩ ነዳጅ ሲጨምር፣ ዞር ብዬ ፊቱን አያለሁ። ብዙዎቹ ምን እንደምፈልግ ይጠይቁኛል፤ ምንም እላቸዋለሁ።