የእማዬ እሑዶች

ትናንት እሑድ ልጆቼንና እማዬን ይዤ ሮማን ልንዞር ወጥተን፣ ትራም ላይ ትንሿ ልጄ ሊያ መንደሪን ላጠች። ሽታው ከእርጥብ ካፖርት ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ሲገባ፣ የሁለት ልጆች እናት መሆኔ ቀረና እግሬ መሬት የማይደርስ ልጅ ሆኜ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እማዬ አጠገቤ ናት፣ በመስኮት ታያለች። ምን እንደምታይ እሷና እግዜር ያውቃሉ፤ ከታመመች ወዲህ የቅርቡ ሁሉ እየጠፋባት፣ አንዳንድ ቀን ስሜንም ትረሳዋለች።

ያኔ እማዬ ፊሳ ነበረች፤ ፊሳ ማለት አሠሪዋ ሲኞራ ቤት ሠርታ እዚያው የምታድር ማለት ነው። ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ። ለእሷ ከኩሽናው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረቻት፣ ለልጆች ግን አይፈቀድም፤ ስለዚህ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሚኪ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት ኮሌጆ አዳሪ ተማሪዎች ነበርን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ካፖርቷን ደርባበት በሩ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ ድረስ ሮማ የኛ ናት።

እማዬ ያልረገጠችው ጥግ አልነበረም። በብርዱ ወራት የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሞቅ፣ የትኛው አደባባይ ላይ ፀሐይ ቀድማ እንደምታርፍ፣ የትኛው ቡና ቤት ምንም ሳይገዙ ልጅ ሽንት ቤት እንደሚያስገባ አብጠርጥራ ታውቃለች። ሽሮ የተቀባ ዳቦ በፎይል ጠቅልላ ትመጣለች፤ እሱን በልተን ከመንገድ ዳር ቧንቧ ውሃ እንጠጣለን። ሲዘንብ ትራም ላይ ወጥተን እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንሄድና በዚያው ትራም እንመለሳለን፣ ደግሞ እንሄዳለን። ስለ ሐውልቶቹ አንዱንም አታውቅም፣ አላውቅም ማለት ግን አይሆንላትም። ፈረስ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ዘንዶውስ ስንላት፣ ገድሎት ጨርሶ አሁን እያረፈ ነው ትለናለች። እኔ ጉድ ይህንኑ ክፍል ውስጥ በልበ ሙሉነት ተናግሬ አስተማሪዋ ሳትቀር ስቃብኛለች።

አንድ እሑድ ከቅዱስ ጴጥሮስ በስተጀርባ ያለው ግንብ ሥር ወሰደችን። ከዚህ ግንብ ወዲያ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ያበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ አለችን፤ ድሮ ከአገራችን በእግራቸው የመጡ መነኮሳት ያርፉበት ነበር፣ ቤታቸው ነበር እያለች፣ ራሷ የሠራችው ይመስል እየኮራች። ሚኪ ግንቡን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የኛስ ቤት የት ነው?» አላት።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። እንዳስተካከለችው ደግሞ መልሳ አስተካከለችው።

«ቤት የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው» አለች። «ይኼን የሚያህል ሮማ ያለው ልጅ ቤት ገብቶ ምን ሊሠራ?»

አመንኳት። ሰኞ ሰኞ የክፍሌ ልጆች እሑድን ከአያቶቻቸው ጋር ላዛኛ ሲበሉ እንደዋሉ ሲያወሩ፣ ምስኪኖች፣ ያንን የመሰለ ቀን ታስረው ዋሉ ብዬ ከልቤ አዝንላቸው ነበር። ሚኪ ግን ይህን ስነግረው ወሬ ይቀይርብኛል።

የገባኝ ራሴ ወልጄ፣ በዝናብ ቀን ሁለት ልጆች ይዞ ደጅ መዋል ምን እንደሆነ ሳየው ነው። ለካ የምታዞረን የምታስቀምጠን አጥታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቆማ የዋለችበትን እግር ይዛ፣ የእሑድ ዕረፍቷን በሙሉ ደጅ ለደጅ ስታዞረን የኖረችው፣ ቤት እንደሌለን እንዳናውቅባት ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። እሷም አንድም ቀን ከአፏ አላወጣችውም።

እኔ ትምህርት ልጨርስ ስል ኤስኲሊኖ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራየች። እልል ያልንበት ቤት ነው፤ የመጀመሪያዋ እሑድ ስትመጣ ግን እንዴት እንደሚዋልበት ጠፋን። ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን ሐኪም የምንጠብቅ መስለን ተቀመጥን። ምሳ ሳይደርስ ሚኪ ጃኬቱን አንስቶ፣ አሎራ፣ እሺ፣ ወዴት ነን አለ። ብዙም ሳይቆይ ሥራ ብሎ ወደ ሰሜን ሄደ። አሁን ለገና ይመጣል፤ መጥቶም አርፎ አይቀመጥም፣ እኔም ምን ሆነህ ነው እያልኩ እነዘንዘዋለሁ።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ከትራሙ ወርደን አንድ አደባባይ ላይ ተቀመጥን። ልጆቹ እርግብ ሲያባርሩ ቆይተው ደከማቸው፣ የመንገዱ መብራትም በራ። እማዬ ብድግ ብላ ትልቁን ልጄን ኖኤልን እጁን ያዘችው። ቶሎ በል፣ መነኮሳቱ በር ይዘጋሉ ትለዋለች። ኖኤል ሳቀና አያቱን በጣልያንኛ፣ ኖና፣ እኛ እኮ ወደ ቤት ነው የምንሄደው አላት።

እማዬ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘጋችለት፤ ወደ እኔና ወደ ሊያ ገልመጥ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቤት የለንም እኮ፣ ሚኪዬ። ነግሬህ የለ? ለእህትህ እንዳትነግራት።»

እህቱ እዚያው አጠገባቸው ነበርኩ። ቶሎ ብዬ ጎንበስ አልኩና የሊያን የጫማ ማሰሪያ፣ የታሰረውን፣ ፈትቼ እንደገና ማሰር ጀመርኩ። ይኼን ሁሉ ዓመት ደክማ የደበቀችኝን መስማቴን ብታውቅ፣ እናቴን ምን ይውጣታል?