የቀኙ መረገጫ ብሎኖች

በእኛ ሰፈር፣ ከዓለም ባንክ ፌርማታ ገባ ብሎ፣ ሰው ሁሉ መኪና ለመግዛት ሲሞት፣ መኪና እያለው በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው አለን። አምሐ ይባላል፤ ጎረቤቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ የሰው መኪና ሲያስነሳ ኖረ። የራሱ ቮልስ ግን ግቢው ውስጥ በድንጋይ ላይ ቆማ እኔ ሸበትኩ።

ቮልሷን የገዛው ዘነበወርቅ ይኖሩ ከነበሩ አንድ ጡረተኛ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ዶሮ ያሳድሩባት ነበር። አምሐ ዶሮዎቹን አስወጥቶ፣ አስጎትቶ ሲያመጣት፣ ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረችው ልጁ ሩሃማ ሮጣ በቀኙ በር ሥር ያለው መረገጫ ላይ ወጣች።

«አባዬ፣ የኛ ናት?»

«ያንቺ ናት። በዚህች ነው የምድርሽ» አላት።

ሰው ደስ ሲለው አፉን መሰብሰብ አለበት። ሩሃማ ይህን ቃል እንደ ጥምቀት ስሟ ይዛ አደገች። አምሐም አልረሳም፤ ቮልሷን ለመጨረስ ብቻ ነው ያልተቻኮለው።

ሞተሩ ከተሠራ ቆይቷል። ቀለሙም ፋብሪካው የቀባው ያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እስኪመጣ ድረስ እየተፋቀ ተቀብቷል። የቀሩት ጎማ የሚሸፍኑት ፓራፋንጎዎቹ፣ ግጭት የሚከላከለው ፓራውልቱና የጎን መረገጫዎቹ ናቸው። ግድግዳ ተደግፈው ዓመታት አለፏቸው። ለምን አይታሰሩም? ብሎን ጠፍቶ! ብሎን እኮ በየሱቁ እንደ ሽምብራ በኪሎ ይሸጣል። ለአምሐ ግን ያ ብሎን አይደለም። የእሱ ብሎን ጭንቅላቱ ላይ የፋብሪካው ምልክት ሊኖረው፣ መልኩም ጠቆር ብሎ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ የማያብለጨልጭ ሊሆን ይገባል።

«ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራው» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ፋብሪካው ሰማይ ቤት ያለ ይመስል።

«ማን አጎንብሶ ያይልሃል?» አልኩት አንድ ቀን።

«እኔ» አለኝ።

አሮጌ ብሎን የሚያመጣለት ኢብራር የሚባል ቁራሌ ነው። ኢብራር ቆሼ ከሚለቅሙት ሰዎችም፣ ከየጋራዡም ብረት ይሰበስባል። አንድ ሰሞን «ይህ ሰውዬ ዝገት ነው የሚወደው» ብሎ አሰበና፣ አዳዲስ ብሎኖች ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ አዝጎ አመጣለት። አምሐ አንዱን አንሥቶ ምላሱ ላይ አደረገው።

«ኢብራር፣ ይሄ ዝገት አልበሰለም። ጨውም በዝቶበታል።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ ሰው አይደሉም!» አለ ኢብራር። ከዚያ ወዲህ እውነተኛውን ብቻ ያመጣለት ጀመር።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሩሃማ ሠርግ ደረሰ። እጮኛዋ ቀዳማዊ በቸርቻቸው ኪቦርድ የሚጫወት ጨዋ ልጅ ነው። የእሱ ቤተሰቦች ለሙሽሮቹ የሚሆን ነጭ፣ ረጅም፣ መርከብ የሚያክል መኪና ተከራዩ። ሩሃማ ግን «ከቤቴ የምወጣው በአባዬ ቮልስ ነው። ካልሆነ በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ቁርጡን ተናገረች። የሙሽራው እናት ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን ቮልስ አየች፣ ቀጥሎ የሩሃማን ተረከዘ ረጅም ጫማ አየች። ነጩን መኪና አልሰረዘችም።

«አምሐ፣ ያንተ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ» አልኩት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ። ይህን ሰው ከመቸኮል አስጠንቅቀው ያሳደጉትን ሰዎች ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር።

በሠርጉ ሰሞን ታዲያ ተአምር ሆነ። ኢብራር የጎደሉትን ብሎኖች ከአንድ የተጣለ ቮልስ ፈታትቶ አመጣ። አምሐ አጠባቸው፤ በእሳት እያጋለ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነከራቸው፤ ቀናት ፈጅቶ፣ ደጋግሞ፣ ያን ጠቆር ያለ መልክ አወጣው። ጠርቶ ሲያሳየኝ ዓይኑ እንባ አቅሮ ነበር። እኔ የማየው ጥቁር ብሎን ነው። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል?

በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ብሎኖቹን በባለቤቱ በብዙነሽ ትሪዎች ላይ ደረደረ። ከሰዓት በኋላ ሊያስራቸው አስቦ፣ ዘይቱን እስኪጠጡ ሱፉን ሊያመጣ ወደ ልብስ ሰፊው ሄደ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የብዙነሽ የቸርች እህቶች ሽንኩርት ሊከትፉ፣ ዕቃ ሊያጥቡ መጥተዋል። መሪያቸው እሙ ናት፤ እሙ ቆሻሻ አይታ ያለፈችበት ቀን የለም። ለዳቦ ትሪ ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ትሪዎቹንም ከነብሎናቸው አገኘቻቸው።

«ውይ በስመ አብ... ማለቴ ጌታ ሆይ!» አለች፤ እሙ ስትደነግጥ የድሮው የኦርቶዶክስ ልማዷ ይቀድማታል። «በሠርግ ቤት እንዲህ ያለ ጥላሸት? የሙሽራው ወገን ቢያይ ምን ይላል?»

እህቶች ተሰበሰቡ። አመድ መጣ፣ ሎሚ ተቆረጠ፣ የድስት ሽቦ ተከፋፈሉ። መዝሙር እየዘመሩ እያንዳንዱን ብሎን ፈተጉት። ብዙነሽ ራሷ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። ክፋት እንዳይመስላችሁ። እነዚህ ሴቶች የሚወዱትን ሰው ዕቃ አያጥቡለት ብትሉ ይታመማሉ።

አምሐ ሱፉን በላስቲክ ይዞ ሲመለስ፣ ብሎኖቹ ነጭ ጨርቅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ እንደ ማንኪያ ያብለጨልጫሉ። እኔ አብሬው ነበርኩ።

«አየህ?» አለችው ብዙነሽ፣ እጇን እየጠረገች። «ዓመት ሙሉ ያልወጣልህን ቆሻሻ እኛ በአንድ መዝሙር!»

አምሐ ቀረበና አንዱን አነሣ፣ አገላበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ሱፉን እንደያዘ ፓራፋንጎዎቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«መልሰህ አታጠቁራቸውም?» አልኩት።

«ሠርጉ ነገ ነው፣ ወንድዬ። በነጩ ትሂድ።»

ስንት ዓመት ያሾፍኩበት ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንዲት ቀልድ አልመጣልኝም። ብዙነሽም ምን እንዳጠፋች ባይገባትም ማጥፋቷ ገብቷት አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች።

ሩሃማ ጸጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ጥፍሯን ገና ተቀብታ እያራገበች ወጣች። ነገሩን ከእናቷ ሰማች። ብሎኖቹን አየቻቸው፤ እሷ የአባቷ ልጅ ናትና ገባት።

«አባዬ፣ በነጩ አልሄድም ብያለሁ።»

«ታዲያ በዚህ ላስርልሽ? እንዲህ ሆና እኮ ቮልሷ እሷ አይደለችም። ውሸት ነው።»

ሩሃማ ከመሣሪያ ሳጥኑ ቁጥር ዐሥራ ሦስት ቁልፍ መዘዘች። የተቀባችው ጥፍር በዘይት ተበላሸ።

«ነገ እኔንም ሜካፕ ለቅልቀው፣ ቅንድቤን ነቅለው፣ የሰው ጸጉር ቀጥለው ነው የሚያወጡኝ» አለችው። «ያኔ ልጄ አይደለችም ልትል ነው?»

አምሐ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሱፉን ለእኔ አስያዘኝና ቁልፉን ተቀበላት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቮልሷ ሙሉ ሆና ከድንጋይ ላይ ወረደች። በማግስቱ ሩሃማ ቬሎዋን ሰብስባ የቀኙን መረገጫ ረግጣ ከአባቷ ጎን ገባች። ቀዳማዊ ከኋላ ጉልበቱን ከአገጩ አገናኝቶ ተቀመጠ፤ ትዳርን በትክክለኛው አቀማመጥ ጀመረው። እኔ መንገድ ላይ ትቆማለች ብዬ፣ ለመግፋት እንዲመቸኝ በሱፍ ላይ ሸራ ጫማ አድርጌ ነበር። አልቆመችም። የሚኒባስ ረዳቶች እየጮኹ መንገድ አስለቀቁላት። ነጩ መርከብ ባዶውን ተከተለ። ዕድምተኛው ሁሉ «አዲስ ትመስላለች!» እያለ አምሐን አመሰገነው፤ ለእሱ ከዚህ የባሰ ስድብ እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በመልሱ ዕለት ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ የሙሽሪት አባት ቮልሷ ሥር ነበር። እግሩ ብቻ ይታያል፤ ካልሲው የሠርጉ ካልሲ ነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ፣ እያጋለ፣ ዘይት ውስጥ እየነከረ መልሶ ማሰር ጀምሯል። ሩሃማ ስቃ ወደ ድንኳኑ አለፈች። ብዙነሽ ትሪዎቿን ደብቃለች።

ሥራው ሲያልቅ ለምረቃ ተጠራሁ። ካርቶን አንጥፎልኝ አብረን ሥሯ ተጋደምን። የፊቱ ጥቁር፣ የኋላው ጥቁር፣ የግራው ጥቁር፤ ዘይት የጠጣ፣ የማያብለጨልጭ። ወደ ቀኙ ስዞር ግን መረገጫውን የያዙት ብሎኖች ያብለጨልጫሉ።

«አምሐ፣ እነዚህን ረሳሃቸው።»

«የቶቹን?»

«ሩሃማ የወጣችበትን መረገጫ ብሎኖች።»

ቁልፉ እጁ ላይ ነበር። ወደ ብሎኖቹ አየ፣ በአውራ ጣቱ አቧራቸውን ጠረገ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«አትንካቸው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እነዚህን ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራቸው።»