የመስኮቱ ጉበን

ዌስት አዳምስ ካለው ቤታችን ጓሮ ለእናቴ አንዲት ትንሽ ቤት መሥራት ስጀምር ሚስማር እንኳ በቅጡ መምታት አልችልም ነበር። አፌ ግን ይችላል። ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ከጓደኞቼ ጋር ምሳ በበላን ቁጥር ስለ ቋሚና ስለ ማገር ስተነትን፣ ለሰማኝ ሰው አናጢ ሆኜ የተወለድኩ እመስላለሁ። እውቀቴ ሁሉ ግን ፓሳዴና ቢሮዬ ውስጥ ተደብቄ ካየኋቸው ቪዲዮዎች የተለቀመ ነው።

እዚያው ምግብ ቤት ሁልጊዜ ከጎናችን የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጉራዬን ሲሰሙ ከረሙና አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ቅዳሜ መጥቼ ላግዝህ» አሉኝ። አገር ቤት ሳሉ አናጢ ነበሩ። እዚህ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። እከፍልዎታለሁ ብላቸው ተቆጡ። «ሰው ቤቱን ሲሠራ ይታገዛል እንጂ! ደግሞ ለእናትህ ነው» አሉ።

አሠራራቸው ግን ያሳፍረኝ ነበር። አዲስ ሜትርና ውሃ ልክ ገዝቼ ብሰጣቸው ጥግ አስቀምጠው በሲባጎ ይለካሉ። ቋሚውን ካቆሙ በኋላ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ እስከ ታች ያዩታል፤ ከዚያ በመዳፋቸው ቸብ ያደርጉታል። ጎረቤት እንዳያይብን አጥር አጥሩን እመለከታለሁ። ሆኖም እሳቸው ያቆሙት ግድግዳ አንድም ቀን አልተንጋደደም። የእኔ ሁለቴ ፈርሶ ተሠርቷል።

ጣጣው የመጣው በመስኮቱ ነው። እናቴ የጠዋት ፀሐይ እንድታገኝ ሰፊ መስኮት ነበር ያሰብኩት። ከመስኮቱ አናት ላይ የሚጋደመው ጉበን የጣሪያውን ክብደት ስለሚሸከም ወፍራም መሆን አለበት። እኔ ያዘዝኩት እንጨት እስኪመጣ መታገሥ አቃተኝና ጋሼ በሌሉበት ቀን ከትርፍራፊው ቀጭን ጣውላ አንስቼ መታሁበት። ሲመጡ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ጣሪያውን አይችለውም። ከሥሩ የሚተኙት እናትህ እኮ ናቸው።»

«ኦኬ ነው ጋሼ፣ ቪዲዮው ላይ እንዲህ ነው የሚሠሩት» ብዬ ዘጋኋቸው። ቪዲዮው ላይ እንዲህ አልሠሩም።

በነጋታው ሰኞ የከተማው የሕንፃ ኢንስፔክተር ሥራውን ሊያይ መጣ። ጋሼ የዕረፍት ቀናቸው ስለነበር ጥግ ላይ ቁጢጥ ብለው የወዳደቀ ሚስማር ይለቅማሉ። ሰውየው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጉበኑን አየና ይህን የሠራው ማን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ፊቴ ጋለ። እንደ መሃይም ሊቆጥረኝ ነው አልኩና፣ እኔም በእንግሊዝኛ፣ «ሽማግሌው ናቸው። በአገራቸው እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ብነግራቸውም አይሰሙኝም» አልኩት።

አገራችን እንኳ አላልኩም፤ አገራቸው አልኩ።

ጋሼ እንግሊዝኛ አይሰሙም ብዬ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሆቴል እንግዳ ቁልፍ ሲቀበል የኖረ ሰው እንዴት አይሰማም? ሚስማሩን ጣሳ ውስጥ ጨምረው ተነሡና፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣ «አዎ ጌታዬ፣ የእኔ ስህተት ነው። እስከ ሐሙስ አስተካክለዋለሁ» አሉት። ሰውየው ወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ ለሐሙስ ቀጠረንና ሄደ።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ማለቴ...»

«ናማ፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ» ብቻ አሉኝ። ቀጭኑን ነቀልን። ወፍራሙ እንጨት ረቡዕ ሲመጣ ከሥራ መልስ ደክሟቸው መጡና እሱን አጋድመው፣ ከግራና ከቀኝ ተጨማሪ ቋሚ አስደግፈው ጨረሱት። ሐሙስ ኢንስፔክተሩ አይቶ አሳለፈው። እኔ ግን ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀን ቀንን እየወለደ ሄደ፤ ግድግዳው ተለበጠ፣ ቀለም ተቀባ፣ ጉበኑም ከውስጥ ቀረ።

እናቴ ከአገር ቤት በመጣች በሳምንቱ ወዳጅ ዘመድ ጠራን። ጋሼም ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። እናቴ፣ «ልጄ በገዛ እጁ ሠራልኝ» እያለች መስኮቱን ለሁሉም ታሳያለች። እሳቸው ጋ ስትደርስ፣ «እርስዎም አብረውት ሠርተዋል መሰለኝ?» አለቻቸው።

ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት ወደ እኔ አዩ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ አየሁ።

«እኔማ ሚስማር ነበር የማቀብለው» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።