ሞተር ሳናጠፋ የሄድንበት ሽምግልና

አርብ አርብ ከሥራ መልስ እኛን ያየ ሰው አገር ልናቋርጥ የተነሳን ይመስለዋል። እንጅባራ ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት ጥግ ይዘን «ቅዳሜ ዘንገናን ዞረን፣ እሁድ ጥሊሊ ምሳ በልተን» እያልን ዕቅድ እናወጣለን። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስታችንም በዕድሜ የሚበልጡን መኪኖች አሉን። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ከመኪና ሥር የወጣ እግራችን ብቻ ነው የሚታየው። ዘንገና ሐይቅ ቅርባችን ነው፤ ሰው በእግሩ ደርሶ ይመለሳል። እኛ በመኪና እስካሁን አልደረስንም።

የኔዋ ላንድሮቨር ናት። ካምቢዮዋን ራሴ ፈትቼ ራሴ ገጠምኩና ብሎን ተረፈኝ። ብሎኖቹ የት እንደነበሩ እስካስታውስ ድረስ ቆማለች። ሁለተኛው ጓደኛችን ጡረታ የወጣ የጤና ባለሙያ ነው፤ የእሱ ፊያት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዶሮ ትታቀፍባታለች። የምትሄደው የሦስተኛው ጓደኛችን ቮልስ ብቻ ናት። እሷም ማስነሻ ሞተሪኖዋ ከሞተ ስለቆየ በቁልፍ አትነሳም፤ ወይ ትገፋለህ ወይ ቁልቁለት ላይ ትለቃታለህ። ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ አንዴ የተነሳች መኪና አትጠፋም። ሰውየው ፀጉሩን ሲስተካከል እንኳ ቮልሷ ደጅ ላይ እየጮኸች ትጠብቀዋለች።

አንድ ሳምንት ግን ዕቅዱ የጨዋታ አልነበረም። ባለ ቮልሱ ጓደኛችን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የኖረ ሰው ነው። ዳንግላ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ከአባቷ ጋር የምትኖር ሴት ወደደ። እሷም ወደደችው። «አባቴ እሺ ካሉ» አለችው። እምቢ ካሉ አበቃ፤ ከሳቸው ቃል የምትወጣ ሴት አይደለችም። እኔና ጡረተኛው ሽማግሌ ሆነን እሁድ ጧት ልንለምንለት ተነሳን።

በቮልሷ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። «ሽማግሌ በቮልስ ሲመጣ ክብር አለው» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ባለቤቴ ሰምታ «እናንተ ሰዎች፣ የሰውየውን ትዳር ልትቀብሩት ነው» አለችኝ። አልሰማኋትም። መቼ ሰምቻት አውቃለሁ!

በዚያ በእንጅባራ ብርድ ነጭ ጋቢያችንን እንደለበስን ገፋናት። ቁልቁለቱን ስትይዝ ተነሳች፤ እየሮጥን ዘለን ገባን። በወጉ ፈላጊው ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና ዳንግላ መግቢያ ላይ አውርደነው ልናልፍ ነበር። ለካ ቮልሷ ከሱ እግር በቀር ለማንም አትታዘዝም! ቤንዚን መስጫውን ረገጥ ካላደረገላት ወዲያው ትጠፋለች። ደግሞ የሴትየዋ አባት ደጅ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ይኸን ሁሉ ዘመን ዕቅድ ሳወጣ የሰው ቤት ሜዳ ላይ ሊሆን እንደሚችል አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

«በቃ፣ ሹፌር ነው በሉ» አለና ጓደኛችን ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ሳበ።

እኔና ጡረተኛው ገባን። አባትየው የፈረስ ዕቃ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉ፣ ቀጥ ያሉ የአዊ ሽማግሌ ናቸው። ጉዳይ ሳይነገር መቀመጥ ነውር ነውና ቆመን ጀመርኩ።

«የመጣነው የእርስዎን ልጅ ለልጃችን…» ልጃችን የምለው ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው፤ ግን ወግ ነው። ያን ጊዜ ልጃችን ደጅ ላይ ቤንዚኑን ረገጠ።

«አልሰማሁም» አሉ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁንም ረገጠ። በሦስተኛው ጎረቤት ሁሉ በአጥር በኩል ብቅ እስኪል ድረስ «ልጅዎን ለጋብቻ!» ብዬ ጮህኩ። ኧረ በስመአብ! ሰው እሳት ተነሳ ሲል እንዲህ አይጮህም።

አባትየው እጃቸውን አነሱ። «ስሙኝማ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፈረሱን አስሮ ነው የሚገባ። ሳያስር የገባ ወይ ሊሰርቅ ነው፣ ወይ ሊሸሽ ነው። እናንተ የትኞቹ ናችሁ?»

«የለም አባባ፣ ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ ብለን ነው» አልኩ። ውሸቴን ሲሆን አንደበቴ አይያዝም።

«ከእንጅባራ መጥታ ዳንግላ በረዳት? አንቺ ልጅ፣ ያን ሹፌር ጥሪው፤ እንግዳ ደጅ ተጎልቶ አይቀርም። አጥፋው በይው።»

ልጅቷ፣ ያቺው ልንለምናት የመጣናት፣ ሹፌሩ ማን እንደሆነ ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ቮልሷ ሳል ሳል አደረጋትና ዝም አለች። እውነቱን ልናገር? ልቤ ዘጭ ያለው ለጓደኛዬ ትዳር አይደለም። በሆዴ «አሁን በምን እንመለሳለን?» ነው ያልኩት።

«አሁን ተናገሩ» አሉ። ተናገርን። ሹፌር ተብዬው በሩ ጥግ ተቀምጦ ጠላ ይዟል። ጡረተኛው «ልጃችን ቁም ነገረኛ ነው፣ አይዋሽም» ሲል ሹፌሩን ጠላው ትን አለው። አባትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኛን አዩ። «ልጄን ልጠይቅ፤ በሳምንቱ ተመለሱ» አሉ። ወጉ ያው ነው፤ ፊታቸው ግን እንደተቋጠረ ነበር።

ወጥተን፣ ጓደኛችን መሪውን ይዞ፣ እኛ መግፋት ጀመርን። የሜዳ ትርጉም ያን ጊዜ ገባኝ! ወገቤ ሊበጠስ ሲል ከጎኔ ሌላ እጅ መጣ፤ ልጅቷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትገፋለች። አባትየው አጥሩ ሥር ቆመው ያያሉ። በስንት መከራ ቮልሷ ተነሳች። እሰይ! እኔና ጡረተኛው እየሮጥን ደረስንባት፤ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ልጅቷ መንገዱ መሐል ቀረች፣ እጇ በዘይት ጠቁሮ። ጓደኛችን በመስታወት አያት።

መኪናዋን አቆመ።

«አታጥፋ!» አልኩት።

አጠፋው። ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ በእግሩ ወደ አባትየው ተመለሰ።

«አባባ፣ እኔ ሹፌር አይደለሁም።»

«አለመሆንህንማ አነዳድህ ነግሮኛል» አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደኛ ጠቆሙ። «ታዲያ እነዚህን ምን ሊሠሩልህ አመጣሃቸው?»

ዞሮ አየን። ከቮልሷ ጎን ጋቢያችን ጥላሸት ለብሶ፣ ትንፋሻችን ተቆርጦ፣ እኔ ገና እጀታውን እንደያዝኩ ነበር። ለኛ የሚሆን ምክንያት ሲፈልግ አየሁት።

«ብቻዬን መምጣት ፈርቼ ነው» አለ።

የአባትየው ፊት ሲፈታ አየሁ። ከዚያ ክንዱን ያዙት፣ ልጃቸውንም ጠሩና ሦስቱም ወደ ቤት ገቡ። ከደስታዬ እንባ እንባ አለኝ። እኛን ማንም ግቡ አላለንም።