የሚኪ ሳል

ባለፈው ሳምንት ከመካኒሳ አቦ ወደ ላፍቶ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሕፃን ሲያስል ሰማሁ። ደረቅና አጭር ሳል ነው፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይመጣና ልጁ ትንፋሹን ሊስብ ሲታገል ደረቱ ሲጥ ይላል፣ ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ይጀምራል። እናትየው ጀርባውን መታ መታ እያደረገች «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ» ስትለው፣ እኔ መውረጃዬ እያለፈኝ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ፣ ዞር ብዬ የልጁን ፊት ማየትም ፈርቼ፣ ታክሲው እስከሚቆምበት ድረስ ሄድኩ። ከሃያ ዓመት በፊት በቤታችን ውስጥ ጠዋት ማታ እሰማው የነበረው የወንድሜ የሚኪያስ ሳል ልክ እንደዚያ ነበር።

ያኔ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ሚኪ ደግሞ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቤታችን ላፍቶ ዳር፣ ከአጥራችን ጀርባ የገበሬ ማሳ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። አባዬ የገልባጭ መኪና ሾፌር ስለነበር አንዴ ለመንገድ ሥራ ክፍለ ሀገር ከወጣ ሁለት ሦስት ወር ሳናየው እንቆይ ነበር፤ እማዬ ቤቱንም፣ እኛንም፣ ቡሬንም ይዛ ትቀራለች። ቡሬ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላማችን ነበረች፤ ከጓሮ በቆርቆሮ በተከለለ በረት ውስጥ ሆና ፉርሽካና ድርቆሿን እየበላች ለእኛም ለጎረቤቱም የሚበቃ ወተት ትሰጥ ነበር።

እማዬ ሚኪን በወለደች በሦስተኛው ወር ታይፎይድ ጥሏት፣ ከአልጋ ሳትነሳ ከርማ፣ ስትድን ጡቷ ደርቆ ነበር። ስለዚህ ልጁን ያሳደገችው በቡሬ ወተት ነው። «እኔ ወለድኩት፣ ቡሬ አሳደገችው» እያለች ለሰው ስትናገር በፊቷ ላይ የማየው ነገር ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ደግሞ አንድ የማላውቀው ሐፍረት ነበር፤ እናት ሆና ማጥባት አለመቻሏን በወተት ብዛት ልትክስ የምትፈልግ ይመስለኛል፣ አሁን ሳስበው።

ሳሉ ልጁ ገና መዳህ ሳይጀምር የነበረ ቢሆንም የበረታው በዚያ ክረምት ነው። እማዬ ዳማከሴ ጨምቃ ታጠጣዋለች፣ ዝንጅብል በማር ትግተዋለች፣ ዶፉ ሳይበግራት በፕላስቲክ ጠቅልላ አዝላው ለጠበል አቦ ትወስደዋለች፤ ጤና ጣቢያም ሄዳ ቀይ ሽሮፕ ይዛ ትመለሳለች፣ ሽሮፑ ሲያልቅ ሌላ ይሰጧታል። ሁሉም ነገር የሚወሰደው ግን በወተት ነበር። «ወተት ደረት ያለሰልሳል» ትል ነበር፣ ልጁ ባሳለ ቁጥርም አንድ ብርጭቆ ትጨምርለታለች። ጠዋት ጠዋት እሷ በረት ውስጥ ስትሆን ወተቱን የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ሚኪ ብርጭቆውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርና ከንፈሩን ይገጥማል፤ እኔ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድብኝ ስለምቸኩል አፍንጫውን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ አፉን ሲከፍት አንቆረቁርለት ነበር። ደብተሬን ይዤ ከአጥሩ ስወጣ ከኋላዬ ሲያስል ይሰማኛል። አንድም ቀን ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም ብርዱ ነው ያልነው ሳል አልሄደም፤ ይልቅስ ወሬው መጣ። ልጁ ከስቷል፣ ያተኩሰዋል፣ ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ልጆቻቸውን ከእኛ ግቢ ጠርተው አስወጡ፤ ወተት የሚወስዱት ሰዎችም አንድ በአንድ ጠርሙሳቸውን ይዘው መምጣት ተዉ። እማዬ ሚኪን አስመርምራ ነቀርሳ የለበትም የሚል ወረቀት ይዛ መጣች፤ ግን ወረቀት ለማን ይነበባል? ሚኪ ከአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ የእትዬ ዘነበችን ልጆች በየስማቸው ሲጠራቸው፣ እነሱም እናታቸው እንዳታያቸው ፈርተው ዝም ሲሉት፣ እኔ ጎትቼ ወደ ቤት አስገባው ነበር።

ከኅዳር በኋላ ቡሬ ለመውለድ ስለተቃረበች ወተቷ ነጠፈ። በዚያው ሰሞን እትዬ ዘነበች ራሳቸው መጥተው፣ በር ላይ ቆመው ለእማዬ እንዲህ አሏት።

«አልማዝ፣ እኔ ክፉ አስቤ አይደለም። የዚህ ልጅ እንጥሉ ወርዶ ነው። የኔንም ሦስቱንም አስቆርጫለሁ፣ ይኸው እንደ አንበሳ ናቸው። ፉሪ አንዲት እጇ የተባረከ ሴት አለችልሽ።»

«አባቱ ሳይኖር እንዴት አድርጌ?» አለች እማዬ።

«አባቱ እስኪመጣ ልጁ ቢያመልጥሽስ?»

ይህቺ ቃል ናት እማዬን የጣለቻት። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ እሷ ሚኪን አዝላ፣ እኔ ፎጣና ውኃ ይዤ፣ በእግራችን ፉሪ ሄድን። ሴትዮዋ ንጹሕ ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው አሮጊት ነበሩ፤ ክፉ ቢመስሉ ኖሮ ምናልባት አለቅስ ነበር። እማዬ ሚኪን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጆቹን ያዘች፣ እኔ እግሮቹን እንድይዝ ተነገረኝ። «ምን ሊያረጉኝ ነው፣ ቲጂ?» አለኝ። ቃላቱ ጥርት ያሉ ነበሩ፣ ዕድሜው ሦስት ሆኖ እንደ ትልቅ ሰው ነበር የሚናገረው። «ምንም፣ ጉሮሮህን ሊያዩህ ነው» አልኩት። ሴትዮዋ ምላሱን በማንኪያ ተጭነው ከወረቀት ውስጥ ያወጡትን ቀጭን ብረት ሲያስገቡ ሚኪ ዓይኔን እያየ ነበር። እግሮቹ በእጄ ውስጥ አንዴ ብቻ ተወራጩ፣ ከዚያ ፎጣው ቀይ ሆነ።

ለአራት ቀን ከጠብታ ውኃ በቀር ምንም አልዋጠም። በአምስተኛው ቀን የአጃ ሾርባ በውኃ ቀጠን አድርጋ እማዬ ሰጠችው፤ ከዚያም ምስር፣ ከዚያም ሽሮ በላ። ወተት በቤቱ አልነበረም፣ ላም ያላት ሴት ከሰው ወተት መግዛት ለእማዬ ነውር ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሳሉ ጠፋ። እማዬ መሬት ተንበርክካ እግዚአብሔርን አመሰገነች፣ ለእትዬ ዘነበችም አዲስ ነጠላ አለበሰቻቸው። ውኃ ሲጠጣ በአፍንጫው እየወጣ መቸገሩን፣ ንግግሩም መለወጡን ሁላችንም አይተናል፤ ቁስሉ ሲድን ይስተካከላል ብለን ዝም አልን።

አባዬ ለገና መጣ። የግቢው በር ሲከፈት ሚኪ ከቤት ተፈትልኮ እየሮጠ፣ እጆቹን ዘርግቶ «አማዬ! አማዬ!» እያለ ተጠመጠመበት። አባዬ ወደ ላይ አንሥቶት እየሳቀ «እማዬ አይደለሁም፣ አባዬ ነኝ እንጂ፣ ረሳኸኝ እንዴ?» አለው። ሚኪ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ጉልበቱን ሁሉ አሰባስቦ እንደገና ሞከረ፤ ድምፁ ግን በአፍንጫው በኩል አምልጦ ያው «አማዬ» ሆኖ ወጣ። አባዬ ልጁን ቀስ አድርጎ አወረደው።

«አልማዝ፣ ልጄን ምን አደረግሽው?»

«ሳሉ ቆመለት እኮ» አለች እማዬ፣ ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ። «ቆመለት እኮ። እስቲ ስማው፣ አያስልም።»

አባዬ አልጮኸም፣ አልተማታም። የበዓሉን ዶሮ ሳይቀምስ በረት ሄዶ ቡሬ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። እሱ ዝም ያለበት ያ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በወላጆቼ መካከል ለብዙ ዓመት ለቆየው ዝምታ መጀመሪያው ነበር።

ቡሬ በሁዳዴ ወለደች። እማዬ ጾመኛ ስለነበረች እሷ አልቀመሰችም፣ እንገሩም ወተቱም ለሚኪ ሆነ፤ የከሳውን ሰውነቱን ለመመለስ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ታጠጣው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጫማዬን ሳስር ከኋላዬ ሳሉን ሰማሁት፤ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ያ ሲጥ የሚለው ትንፋሽ። እማዬ የወተቱን ማሰሮ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

በዚያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ጤና ጣቢያ ያገኘናት ሲስተር አዲስ ናት፣ ከደቡብ የመጣች ወጣት። ሽሮፕ ከማዘዟ በፊት የሚኪን አፍ በባትሪ አየች፣ ባትሪውን አጥፍታም ወደ እማዬ ዞረች። እማዬ አንገቷን ደፋች። ሲስተር ግን አልተቆጣችም፤ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «ከእንቅልፉ ሲነሣ ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ ወደ አፉ የሚገባውን ሁሉ ይንገሩኝ» አለቻት።

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር። እማዬ ወተቱን ስትጠራ ቀና አለች፤ «ወተትስ ጎድሎበት አያውቅም» አለች።

«ሳሉ የተሻለው መቼ ነበር?»

«እንጥሉ የተቆረጠ ጊዜ።»

«የተመለሰውስ?»

እማዬ ስታመነታ እኔ ቀደምኳት። «ላማችን የወለደች ሳምንት ነው» አልኩ። «ነጥፋ እያለች አላሳለም ነበር።»

የሲስተር እስክሪብቶ ቆመ። እኔም የተናገርኩትን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሲስተር ወተት፣ ቅቤና አይብ ለሁለት ሳምንት እንዳይቀምስ ነገረችን፣ ወደ ሐኪም ቤትም ወረቀት ጻፈችልን። እማዬ ወረቀቱን ተቀብላ ከተነሣች በኋላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ ወተት ልጅን ያሳምማል?»

«አንዳንዱን ልጅ አይስማማውም። ሰውነቱ እንደ ጠላት ያየዋል።»

«እንደ ጠላት» አለች እማዬ ቀስ ብላ።

ሳሉ በአሥረኛው ቀን ጠፋ። ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ራሱ ፊት ጥቂት ወተት አስቀምሶት ሳሉ ሲመለስ አይቶ አረጋገጠልን፤ ልጁ ከፍ ሲል ሕመሙ ሊተወው እንደሚችልም ነገረን። ስለ ድምፁ ስንጠይቀው ግን መነጽሩን አውልቆ፣ ከእንጥሉ ጋር የላንቃው ሥጋም አብሮ መሄዱን፣ ያ ደግሞ ተመልሶ የማይበቅል መሆኑን ለአባዬ ነገረው። ልጃችን ዳነ፣ ቤታችን ግን ለቅሶ ቤት መሰለ። በሰኔ ቡሬንና ጥጃዋን አጎቴ መጥቶ ወደ ሰበታ ነዳቸው። እማዬ እስከ አስፋልቱ ሸኝታ ተመለሰችና ባዶውን በረት ጠረገች፤ በማግስቱም ጠረገችው፣ ብዙ ቀን ትጠርገው ነበር።

ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆቹ እንደሱ በአፍንጫቸው እየተናገሩ ይቀልዱበት ስለነበር ሚኪ ዝምተኛ ሆኖ አደገ። መምህር ሲጠይቀው መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም፤ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያናግረው እኔ ፈጥኜ እመልስለት ነበር፣ ይህን እንደ ደግነት እቆጥረው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ዓመት፣ ጾም ሊገባ ሲል፣ እማዬ ፊቱ ዝቅ ብላ «ማረኝ ልጄ» አለችው። ሚኪ ጉልበቱን ሳትነካ አቅፎ አስነሥቷት «እኔ ምንም ትዝ አይለኝም እማ፣ አንቺም እርሺው» አላት። እሷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ በዚያ እየቀለጠ በሚወጣ ድምፁ፣ «ትዝ ይለኛል» አለኝ። «እግሬን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ።» አልተቆጣኝም።

ዛሬ ማሳው የለም፣ በረታችን የነበረበት ቦታ ላይ አምስት ፎቅ ቆሟል። ሚኪ ላፍቶ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ሐኪሙ እንዳለው ሰውነቱ ሲጠነክር ወተቱ ተስማማው፤ ያ ሁሉ የደረሰው ጥቂት ዓመት ብንታገሥለት በራሱ ሊያልፍ ለሚችል ነገር ነበር። አንዳንድ ቅዳሜ ካፌ እንገናኛለን። አስተናጋጇ ስትመጣ ሚኪ ማኪያቶ ያዛል፣ እሷም «ምን አልከኝ?» ትለዋለች። ድሮ ቢሆን እኔ ነበርኩ የምነግርለት። አሁን አፌን ይዤ እጠብቃለሁ፤ እሱም ሳይቸኩል ደግሞ ይነግራታል፣ ካልገባትም ሦስተኛ ጊዜ ይነግራታል።