ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ቮልት

ያን እሁድ ገና ሳይነጋ ነው ከአልጋ የወረድኩት። ቂሊንጦ ያለው ፋብሪካ ከቀጠረኝ ሦስተኛ ወር ሆኖኝ ነበር፤ ሰኞ የሙከራ ጊዜዬ ያበቃል። ካርቶን የሚመዝነው ማሽን ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሎ ቆሟል፤ ምትኩ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው የለም። «እኔ እሠራዋለሁ» ብዬ የተነሳሁት ራሴ ነኝ። ማን ጠየቀኝ!

የማሽኑ ካርድ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው፣ ከዜሮ በላይ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ከዜሮ በታችም አሥራ ሁለት ቮልት ይፈልጋል። ፋብሪካው የሚሰጠኝ ግን ሃያ አራት ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ ሬጉሌተር ገጠምኩ፤ ኮይሉ በሚባለው የሽቦ ጥቅል ላይ ሁለተኛ ሽቦ ጠመጠምኩና ከዜሮ በታች ያለውን፣ ኔጌቲቩን፣ ከዚያ አወጣሁ። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ኔጌቲቩ ሰባት ቮልት ላይ ቀርቶ ግማሽ ቀን ቤቱን ስዞር ዋልኩ። ፖዘቲቩ ላይ ትንሽ አምፖል አስሬ ሥራ ሳስይዘው ነው አሥራ ሁለት የደረሰው።

መሞከሪያ ሁለት የመኪና ባትሪ ከሳሪስ አቦ ያመጡልኝ አባቴ ናቸው። ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ሽቦ መበየድ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ኮዬ ፈጬ እኔ የምኖርበት አራተኛ ፎቅ ድረስ ባትሪ ተሸክመው ወጥተው እንኳ ቁጭ አላሉም። «ምን ላግዝሽ?» ይላሉ ደጋግመው። እኔ ደግሞ ስሠራ አጠገቤ ሰው ሲቆም ያቁነጠንጠኛል።

«ይቀመጡ አባባ፣ እየጨረስኩ ነው።»

ሥራውን ብረት ሳጥን ውስጥ ገጠምኩት። ቀይ ሽቦ ለፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ ለዜሮ። ለኔጌቲቭ ሰማያዊ ስላለቀብኝ ከአባቴ ጥቅል ጥቁር ቆረጥኩ። አረንጓዴውን ሳጥኑ ላይ አሰርኩ፤ ጥቁሩን ለካርዱ ብዬ እንደተንጠለጠለ ተውኩት። በዚህ መሃል ከደረጃው «ውሃ መጣ!» ተባለ። እኛ ፎቅ ድረስ ስለማይወጣ ጄሪካን ይዤ ወደ ታች ሮጥኩ።

ስመለስ እጄን እንኳ ሳላደርቅ ባትሪውን አገናኘሁ። ወዲያው ጢስ ወጣ። ሬጉሌተሩ ተሰነጠቀ፤ ሌላ የለኝም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጥቁሩ ሽቦ ሳጥኑ ላይ በቡሎን ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ኔጌቲቩ ከዜሮው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው።

«ማን ንኩ አለዎት!» አንቱታው ከአፌ አልጠፋም፤ ጩኸቴን ግን ጎረቤት ሰምቶታል።

«ተንጠልጥሎ ሳየው የረሳሽው መሰለኝ» አሉ። «ጥቁር ሽቦ ቦዲ ላይ አይደል የሚታሰረው?»

በመኪና ነዋ! በመኪና ኔጌቲቩ ራሱ ቦዲው፣ የብረት አካሉ ነው፤ ከሱ በታች የሚባል ነገር የለም። ይህን እያወቅኩ ጥቁር የመረጥኩት፣ ምልክት ሳልጽፍበት የሄድኩትም እኔ ነኝ። ያኔ ግን ይህን ለማሰብ ልብ አልነበረኝም። አባቴ ባትሪዎቻቸውን እንኳ ሳይወስዱ ሄዱ።

ሰኞ አለቃዬ ሳጥኑን ገልብጦ አየና «ይሄን ቦዲ ላይ ያሰረው ማነው?» አለ።

«አባቴ» አልኩ።

ቴክኒሻኖቹ ሳቁ። «ታዲያ አባትሽን ነው እንዴ የቀጠርነው?» አለና ሁለት ቀን ጨመረልኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የዚያን ሳቅ ያህል የማፍርበት ነገር የለኝም።

ሌላ ሬጉሌተር ፈልጌ ገጠምኩ፤ ረቡዕ ማሽኑ ተነሳ፤ እኔም ቋሚ ሆንኩ። አባቴ ሲሰሙ በስልክ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ልነግራቸው ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ያን ከነገርኳቸው ፋብሪካው ውስጥ ያልኩትንም መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ባለፈው እሁድ ሊጠይቁኝ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ የፈታሁት ሬዲዮ ነበር። ብቻዬን መሥራት አላቃተኝም፤ ሆን ብዬ ነው «አባባ፣ እስቲ ይቺን ሽቦ ይያዙልኝ» ያልኳቸው።

ጠጋ ብለው አዩት፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

«ተይ ልጄ» አሉ፤ «አበላሽብሻለሁ።»